የሚሠራ ሰርቨርም ይጠገናል

«የሚሠራን ሰርቨር አትንካ» የሚለው ምክር ሰሞኑንም በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ብልሃት ሲነገር በመሰማቱ፣ ይህ ዓምድ የቆየ ሙግቱን እንደገና ለማንሳት ተገድዷል። ምክሩ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ሃይፐርቫይዘር ላይ ሲውል ነው። ሃይፐርቫይዘር አንድን ሰርቨር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ሰርቨሮች እንዲያገለግል የሚያደርግ ሶፍትዌር ሲሆን፣ በላዩ የሚሠሩት ክፋዮች፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖች፣ አንዱ ወደ ሌላው እንዳይገባ የሚጠብቀውም እርሱ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ወደ አንኮበር የሚዘልቀው በአሊዩ አምባ በኩል ነበር። ነጋዴው ጭነቱን የቱንም ያህል አጥብቆ ቢያስር፣ በር የሚጠብቀው ከተዘናጋ የሁሉም ሀብት ለዘራፊ ይጋለጣል፤ ሃይፐርቫይዘሩ የተደፈረበት ተቋምም ዕጣው ይኸው ነው።

ለዚህ ማስረጃው ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ኢኤስኤክስአይአርግስ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም፣ በቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ ሃይፐርቫይዘር የሚሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን ሲመታ፣ በዋናነት ለጥቃቱ በር ከፍቷል የተባለው ክፍተት ፓች፣ ማለትም የጥገና ማስተካከያ፣ ከወጣለት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ደግሞ የቪኤምዌር ባለቤት የሆነው ብሮድኮም በዚሁ ምርት ላይ የተገኙ ሦስት ክፍተቶችን የሚደፍን ፓች ያወጣው አጥቂዎች ቀድመው ከተጠቀሙባቸው በኋላ ነው፤ ክፍተቶቹ ተያይዘው ሲሠራባቸው አንድን ቨርቹዋል ማሽን በሙሉ ሥልጣን የያዘ አጥቂ ወደ ሃይፐርቫይዘሩ እንዲሻገር ያስችሉ ነበር።

ተቃዋሚዎች መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን የሲስተም ችግር ይጠቅሳሉ። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቋል፤ የሃይፐርቫይዘር ጉዳይ ነው ባይባልም፣ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ የብዙ ኃላፊዎችን እጅ አስሯል። ሆኖም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ማሻሻያን መፍራት ሳይሆን፣ አስቀድሞ በመሞከሪያ ሰርቨር መፈተንና ወደ ነበረበት የሚመለስበትን መንገድ ማዘጋጀት ነው። ተጠባባቂ ሰርቨር ያለው ተቋም ቨርቹዋል ማሽኖቹን ሥራ ሳያቋርጡ ወደዚያ አዛውሮ ዋናውን መጠገን ይችላል፤ የሌለው ደግሞ የተወሰነ ሰዓት አገልግሎት ማቆም ይኖርበታል።

እውነተኛው እንቅፋት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው የሚለምነውን ሁለት ሰዓት የሚከለክለው ኃላፊ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ቀኑን ሙሉ የሚዘልቀውን «ሲስተም የለም» ግን እንደ ተራ ነገር ይቀበላል። ከአሊዩ አምባ ተነሥቶ ዳገቱን ወጥቶ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ጎረቤላ የሚደርስ ባለጉዳይ ይህን ሲባል የሚባክንበት የሥራ ቀንና የመጓጓዣ ገንዘብ በማንም ሒሳብ አይመዘገብም። አስቀድሞ የተነገረ መቋረጥ ግን ከቤቱ ሳይወጣ ሊያውቀውና ቀኑን ሊቀይርበት የሚችል ነገር ነው፤ ስለዚህ ጥገናን በይፋ ማስታወቅ ለሕዝብ የሚሰጥ ክብር እንጂ የድክመት ምልክት አይደለም።

እንግዲህ የየተቋሙ ኃላፊዎች በየወሩ የታወቀ የጥገና ሌሊት ይመድቡ፣ ለሕዝቡም ቀድመው ያሳውቁ፤ አስቸኳይ ፓች ሲወጣ ደግሞ ወሩ እስኪሞላ አይጠብቁ። ባለሙያው በጽሑፍ ያቀረበውን የጥገና ጥያቄ የከለከለ ኃላፊ፣ ጉዳት በደረሰ ቀን ተጠያቂው ራሱ መሆን አለበት።