ሰዓት ያልተያዘለት ሯጭ

 

የስደተኞች ኦሎምፒክ ቡድን ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ክርክር ይመጣል። «የሚመረጡት አውሮፓ የገቡት ናቸው፣ እኛን ማን ያየናል?» የሚል አለ። «ሰዓት ያለው ይመረጣል፣ አለቀ» የሚልም አለ። እኔ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል እላለሁ። እስቲ ያለፉትን ምርጫዎች እንያቸው።

ከአገራችን ልጀምር። በ2016 ሪዮ ላይ የዋኘውን ሮቤል ኪሮስን የማያስታውስ የለም። በ100 ሜትር 1 ደቂቃ ከ04 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ሆነ። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ሕዝቡ ተቆጣ። በልጁ ላይ መሳለቅ ነውር ነበር። «ከማን ጋር ተወዳድሮ ተመረጠ?» ብሎ መጠየቅ ግን መብት ነው።

ቀጥሎ ቶኪዮ መጣ። ፌዴሬሽኑ በ2021 ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ አዘጋጀ። ቀነኒሳ በቀለ በማጣሪያው አልሮጠም፣ ከቡድኑም ቀረ። የሄዱት ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። ያኔ «ቀነኒሳ ቢሄድ ኖሮ» ያላለ ማን አለ? ማጣሪያው ከውድድሩ ሦስት ወር በፊት መሆኑ ሯጭን ያደክማል ብሎ መተቸት ይቻላል። ሆኖም ደንቡ ለሁሉም አንድ ነበር። ውጤት ስለከፋ ብቻ ምርጫው አድልዎ ነበር አይባልም።

ፓሪስ 2024 ደግሞ ሌላ ነገር አሳየን። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ በቦታው ገባና በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አመጣ። በተመራጭና በቀሪ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ቀጭን ነው። ስሙ በተጠባባቂነት ባይመዘገብ ኖሮ ያ ወርቅ የኛ አይሆንም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን ሪዮ ላይ 10 አትሌቶች ነበሩት። አምስቱ ከዚሁ ከኬንያ፣ ከካኩማ የወጡ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው። እንዴት ተገኙ? የቴግላ ሎሩፔ ድርጅት ካምፑ ድረስ ሄዶ ውድድር አዘጋጅቶ ነው። ሮዝ ናቲኬ በባዶ እግሯ 10 ኪሎ ሜትር ሮጣ ሁለተኛ ወጣች፤ ከዓመት በኋላ ሪዮ ላይ የቡድኑን ባንዲራ ይዛ ገባች። በዚያው ቡድን ውስጥ ማራቶን የሮጠው የኛው ዮናስ ኪንዴ ግን ሉክሰምበርግ ነበር የሚኖረው። ጀርመን ውስጥ ሮጦ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በእጁ ነበር።

ልዩነቱን አያችሁ? ዮናስ ውድድር ባለበት አገር ስለነበር ሰዓት ነበረው። ሮዝ ሰዓት አልነበራትም፤ ውድድሩ ወዳለችበት መጣላት። በፓሪስ ቡድኑ ከ30 በላይ አትሌት ነበረው፣ አብዛኞቹም አውሮፓ የሚኖሩ ናቸው። ሰዓታቸው የላባቸው ውጤት ነው፣ እነሱን መውቀስ አይገባም። እዚህ ግን ከካምፕ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማንዴት ያላገኘ ልጅ ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን ለምርጫው አይቀርብም፤ ስደተኝነቱ የታወቀለት መሆን አለበትና። እንግዲህ «ሰዓት ያለው ይመረጥ» የሚለው ደንብ ፍትሐዊ የሚሆነው መጀመሪያ ሁሉም ሰዓት የሚያዝበት መስመር ላይ ሲቆም ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው የምንለው አጭር ነው፦ መስፈርቱን በምንረዳው ቋንቋ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ማጣሪያውንም እንደ ካኩማው ወደ ስደተኛው አምጡት።

ለራሳችንም የምንለው አለ። በየዓመቱ ጁን 20 የስደተኞች ቀን ሲደርስ ለኳስ ቡድን ልጆች ስንመርጥ ምን እናደርጋለን? «ይሄ ከኛ አካባቢ ነው፣ ያኛው የእገሌ ዘመድ ነው» እያልን ነው። ሌላውን በአድልዎ እየከሰስን በራሳችን ሜዳ በዘር ከመረጥን ማን ይሰማናል?

የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም። ወደ ማርሳቢት በሚወስደው አስፋልት መኪና ሳይበዛ በማለዳ መንገድ ለክቶ፣ በስልክ ሰዓት ይዞ፣ ስምና ሰዓት ደብተር ላይ መጻፍ ነው። የስልክ ሰዓት ኦሎምፒክ አያስገባም። ነገር ግን አንድ አሠልጣኝ ሲመጣ «ልጆች አሉን» ከማለት «ይኸው ሰዓታቸው» ማለት ይሻላል። እናቶች፣ አባቶች፣ ሴት ልጆቻችሁንም አትከልክሉ፤ ሮዝም የካምፕ ልጅ ናት።

ሎስ አንጀለስ 2028 ነው። ዛሬ የጀመረ ይደርሳል። በየካምፑ ደብተሩን የሚይዝ ሰው ካለ ከታች ይጻፍልኝ፣ እናገናኛለን። የተለየ ሐሳብ ያላችሁም ሳትሳደቡ ተከራከሩኝ።

ቸር ያሰማን።
ከሞያሌ፣ ኬንያ