ጎማው የተሠራው በነጂው እጅ እንዲፈታ ነው

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጎማው ቢተነፍስበት ብዙም አይጨነቅም። መንገድ ዳር ጎሚስታ አይጠፋም። ጥቂት ይገፋል፣ ያስጠግናል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው ቤቶቹ ሲያልቁ ነው። ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኩሌታው ላይ የግራር እሾህ ጎማውን የበሳበት ሰው፣ መጠገን ካልቻለ፣ ያለው ምርጫ በፀሐይ እየገፉ መመለስ ወይም የሚጭን መኪና መለመን ነው። ብዙ ነጂ ደግሞ ሦስተኛውን መንገድ ይመርጣል፦ በተነፈሰው ጎማ ላይ እንደተቀመጠ ይነዳል። በአንዲት ልጣፊ ይድን የነበረው ካላማዳሪያ ተቦጫጭቆ ይጣላል፤ ቸርኬውም ይጣመማል።

ይህ ሁሉ የሚደርሰው ጥገናው ከባድ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ዛሬ የምናውቀው የብስክሌት ጎማ የመጣው ነጂው መንገድ ላይ ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው።

ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም በአየር የሚሞላውን ጎማ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1888 ነበር። ጎማው ይመቻል፣ ይፈጥናልም፤ ነገር ግን ከቸርኬው ጋር በማጣበቂያ የተጣበቀ ስለነበር ሲበሳ ጉድ ይፈላል። በተከታዩ ዓመት ጎማው የተበሳበት አንድ ብስክሌተኛ ፈረንሳይ ውስጥ ክሌርሞን ፌራን ከተማ ወደሚገኘው የሚሽለን ወንድማማቾች የጎማ ፋብሪካ መጣ። ጥገናው ሰዓታት ፈጀ፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅም ሌሊቱን ማደር ግድ ሆነ። በማግስቱ ኤዱዋር ሚሽለን ራሱ ሊሞክረው ወጣና ጥቂት መቶ ሜትሮች እንደሄደ ጎማው እንደገና ተነፈሰ። ኤዱዋር ግን አየር ያለበት ጎማ ምን ያህል እንደሚመች በዚያች አጭር መንገድ አይቶ ነበር፤ የቀረው ባለሙያ ሳያስፈልግ የሚፈታበትን ዘዴ ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ወንድማማቾቹ በሩብ ሰዓት ገደማ ተነቅሎ የሚገጠም ጎማ ሠሩ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን በዚሁ ጎማ ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ውድድር አሸነፈ።

እንግዲህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ነፃነት በእጃችን እያለ፣ ብስክሌት እየገፉ ጎሚስታ ፍለጋ መዞር ያሳዝናል።

ሥራው ራሱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካላማዳሪያውን ነፍቶ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ቀዳዳውን ለጥፎ ይገጥማል፤ እሾሁ ግን ውጭኛው ጎማ ላይ እንደተሰካ ነው፣ ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ መልሶ ይበሳዋል። የጎማውን ውስጠኛ ክፍል በዓይንና በጨርቅ ቀስ ብሎ መፈተሽ ከልጠፋው ይበልጣል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀዳዳዎች ከተገኙ ደግሞ ጥፋቱ የእሾህ ሳይሆን የአየር ማነስ ነው፦ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪያው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጧል ማለት ነው። ልጣፊውን ከመጫን በፊት ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ ማስቲሹንም ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ማድረቅ ያስፈልጋል። እርጥብ ማስቲሽ አይይዝም።

ጎሚስታዎቹስ ምን ይብሉ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹ በዚህ ሙያ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው። ይሁንና ሌላ ሰው የማይተካቸው ሥራ አለ፦ የመኪናና የባጃጅ ጎማ፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ ነጂው መንገድ ላይ ሊሠራው የማይችለው ሁሉ። ጎማ መጠገን የቻለ ሰው ደግሞ ርቆ ይነዳል፣ ብዙ የነዳ ብስክሌትም ወደ ጋራዥ መምጣቱ አይቀርም።

ከሁሉ በላይ መማር ያለባቸው ሴት ልጆች ናቸው። ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ወንድም ወይም ጎረቤት የሚጠበቅ ከሆነ፣ ብስክሌቱ የእሷ ነው ቢባልም የት ድረስ እንደምትሄድ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ማስተማሩ ከባድ አይደለም፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ አሮጌ ካላማዳሪያና አንድ ሳፋ ውሃ ይበቃል። ብስክሌት ሻጮችም ለገዢው ፖምፓ፣ ልጣፊና ማስቲሽ አብረው ቢሰጡ፣ የኋላውን ጎማ ከካቴናው አላቅቆ መልሶ መግጠሙንም እዚያው ሱቁ ደጃፍ አንዴ ቢያሠሩት መልካም ነው፤ ጀማሪን የሚያስፈራው የኋላው ነውና።