«የባልና የሚስት ነገር ነው» እስከ መቼ?



ሌሊት ከጎረቤት የሴት ጩኸት ሰምቶ «ምን አገባኝ፣ የባልና የሚስት ነገር ነው» ብሎ ተገላብጦ ያልተኛ ካለ እጁን ያውጣ። ይህን የምንጽፈው እኛም ተኝተናል። ጠዋት ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ስትወጣ «ደኅና አደርሽ» ብለን አልፈናል።

የሴት ግድያ ድንገት የሚወርድ መዓት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከሞቱ በፊት ዛቻ አለ፣ ዱላ አለ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሽምግልናም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ብቻ በዓለም ላይ 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በባላቸው፣ በፍቅረኛቸው ወይም በገዛ ቤተሰባቸው እጅ ተገድለዋል። በቀን 140 መሆኑ ነው። በባሕር ዳርም በ2015 ዓ.ም. የ7 ዓመት ሕፃን ደፍሮ የገደለው ሩቅ ሰው ሳይሆን ለቤተሰቧ ቤት ያከራየው ሰው ነበር። 25 ዓመት ተፈረደበት፤ አገር በሙሉ የሰማው ግን ከዓመት በኋላ፣ እናትየው አደባባይ ወጥታ ስትጮህ ነው።

ሐዋሳም ከዚህ ነፃ አይደለችም። በግንቦት 2015 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ከዚሁ ከከተማችን ተጠልፋ ከቀናት በኋላ ተገኝታለች። እሷስ በሕይወት ተመለሰች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል። ሕጉ የተወውን የኛ ሽምግልና ግን አልተወውም! «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ብለን፣ አስታርቀን፣ ጠላ ጠጥተን ስንበተን ሴትዮዋን ወዴት እንደመለስናት አንጠይቅም። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» እየተባለ ሲተረት ሰምተን ስቀን ያደግን ሰዎች ነንና።

ስለዚህ በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ አንድ ነገር እንዲወሰን እንጠይቃለን፤ «እገድላታለሁ» ያለ ሰው ጉዳይ ከእንግዲህ ለሽማግሌ አይቅረብ፣ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ይሂድ። ሽማግሌዎቻችን ይቀየሙን ይሆናል፤ ይቀየሙ።

ደግሞም ከገጠር መጥተው በየግቢያችን አንዳንድ ክፍል የተከራዩ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ልጆች አሉ። እናት አባት አጠገባቸው የለም። ከፈረቃ ሳትመለስ የቀረችን ልጅ ቀድሞ የሚያውቅ አከራይዋ ነውና፣ የቤት ኪራይ የምንቀበል ሁሉ ማታ ማታ የበራችንን አምፖል እናብራ፤ ያልገባችም ካለች እስኪነጋ ሳንጠብቅ እንፈልጋት።