ጠመኔውን ያስቀመጠው ባልንጀራችን

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ወናጎ የምትባል ከተማ አለች። ስለ ቡናዋ ብዙ ተብሏልና እኛ አንደግመውም። ዛሬ የምናነሣው እዚያው ተወልዶ እዚያው ሲያስተምር ስለ ቈየ አንድ የዩኒቨርሲቲ ባልንጀራችን ነው። ባለፈው ሰኔ ጠመኔውን አስቀምጦ በግሉ የሚሠራ የመጻሕፍት አርታኢ ሆኗል።

ወሬው እንደ ደረሰን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ተቈጣን። አፋቸውን በጌዴኡፋ ለፈቱ ልጆች አማርኛን በገዛ ቋንቋቸው እያስረዳ የሚያስተምር ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ይህን ጽፈን ብንወቅሰው የሰጠን መልስ መጥተን ሥራውን እንድናይ ብቻ ነበር።

ሄድን። ከአባቱ ቤት ጓሮ፥ ከእንሰቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፥ ኮምፒዩተር፥ ቀይ እስክሪብቶና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ተቀምጠዋል። በእጁ የነበረው የአንድ ጡረተኛ የሕይወት ታሪክ ረቂቅ ነው። ከመካከሉ አንድ ዐረፍተ ነገር አሳየን፤ «ከበደ ለአየለ ልጁ እንደ ታመመ ነገረው» ይላል። የታመመው የማን ልጅ ነው? የከበደ ወይስ የአየለ? ደራሲው ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ጉድለቱ አይታየውም። አንባቢው ግን ሁለት ገጽ ሙሉ የሰው ልጅ ሲያስታምም ይቈያል።

ይህን ዐይነቱን ስሕተት ማየት የተማረው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከክፍሉ ልጆች እንደ ሆነ አጫወተን። አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ የሚማር ልጅ እጁን አውጥቶ «የማን ልጅ?» ብሎ ይጠይቃል። አፋችንን በአማርኛ የፈታን እኛ ግን እንዲህ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ፊደሉም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በግእዝ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ያው ሌብነት ነው፤ ምሥራቅን በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ደራሲ ፀሐይን በየማለዳው ሌባ ያደርጋታል። ባልንጀራችን ግን ይህን ከጥቃቅኑ ይቈጥረዋል። ዋናው ድካም ሦስት ጊዜ የተነገረውን አንድ ጊዜ ማድረግና ደራሲውን ሳያስቀይሙ ይህንኑ ማሳመን ነው ይላል።

የሰው ድርሰት ማቃናት የሰነፍ ሥራ የሚመስላቸው አሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ከመምህራቸው የተቀበሉት የግእዝ መዝገበ ቃላት ገና አልታተመም ነበር። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ረቂቁን አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። እርሳቸው ባይደክሙ ያ ሁሉ ልፋት ሣጥን ውስጥ በቀረ ነበር።

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ደመወዝ የሚከፍላቸው አርታኢዎች ነበሩት። ዛሬ ብዙው ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በገዛ ኪሱ ነው። ለወረቀትና ለማተሚያ ቤት ሳያንገራግር የሚከፍለው ሰው አርታኢው ዘንድ ሲደርስ ወንድምነት ትዝ ይለዋል፤ «ቡና እየጠጣህ አንድ ጊዜ ብቻ እይልኝ» ይላል። ሦስት መቶ ገጽ ቡና እየጠጡ አይታይም። አንዱ ደራሲ ሥራውን ተረክቦ እስከ ዛሬ ስልክ እንደማያነሣ ሰማን። በእኛ አስተያየት የዋጋው እኩሌታ አስቀድሞ ሊከፈል፥ የአርታኢውም ስም ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ሊታተም ይገባል፤ ስሙ የታተመ ሰው ለስሕተቱም ይጠየቃልና።

ይሁን እንጂ ቍጣችን ፈጽሞ አልበረደም። እስከ ሄድንበት ቀን ድረስ በባልንጀራችን ቦታ የተተካ መምህር አልነበረም። ይህን ስናነሣበት ዝም አለ፤ ቀዩን እስክሪብቶ ከፍቶ ገጠመው። ወዲያው ሁለት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በጓሮው በር ብቅ አሉ፤ ረቂቁን ገፋ አድርጎ አስቀመጣቸው። ከቅዳሜ በቀር እንዳይመጡ ቢነግራቸውም ቀኑ ሐሙስ ነበር።

አባቱ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙን።

«መምህር እያለ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለት ነበር» አሉን። «አሁን ልጅህ ምን ይሠራል ሲሉኝ ምን ልበል?»

«የሰው መጽሐፍ ያቃናል ይበሏቸው» አልን።

ጥቂት አሰቡና፥ «ታዲያ ጸሐፊዎቹ አጣመው ነው እንዴ የሚጽፉት?» ሲሉ ጠየቁን።