እጁ የማን ነው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባልን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዥ ያደርገዋል፤ ፓርቲ የሚል ቃል በዚያ የለም። አራት ኪሎ ላይ የሚወጣው እጅ ግን የማን ነው?

ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለአማራ ክልል የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ። ከዚያ ቀናት አስቀድሞ ጎንደር ከተማ የተኩስ ሜዳ ሆና ነበር፤ በክልሉም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። እንደራሴው የመራጩን ፈቃድ በምን ሰማ? «አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ ነበረበት» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ አንቀጽ 93 ይቅረብ ይላል እንጂ ይጽደቅ አይልም፤ ሁለት ሦስተኛው ካልተቀበለው ወዲያው እንደሚሻርም ይደነግጋል። ሥልጣኑ ነበራቸው ማለት ነው!

የጎንደር፣ የዳባትና የደባርቅ ተመራጮች ያን ዕለት ለምን እንደደገፉ ወይም እንደተቃወሙ በመራጫቸው ፊት ቆመው፣ በየስማቸው ያስረዱ።