ሄልሜት ማድረግ ፈሪነት አይደለም



ማታ ማታ ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ቴኳንዶና ቦክስ የምንሠራ ወጣቶች አለን። አልሐምዱሊላህ፣ ከጫትና ከሱስ ይልቅ ስፖርትን መምረጣችን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ መጥፎ ልማድ በመካከላችን እየሰፋ ነው፤ ያለ መከላከያ ስፓሪንግ መግጠም። ሄልሜት ያደረገ "ፈሪ" ይባላል። አንዱ ሲዘረር ሌላው በስልኩ ይቀርጻል።

ሰለሞን ቱፋ በሐምሌ 2013 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን በቴኳንዶ ሲወክል የመጀመሪያው ነበር። ወደ ምንጣፉ የወጣው ሄልሜትና የደረት መከላከያ አድርጎ ነው፤ ደንቡ ያለዚያ አያስገባም። ዳኛና ሐኪም ባለበት ኦሎምፒክ ግዴታ የሆነ ነገር፣ ሐኪም በሌለበት የእኛ አዳራሽ እንዴት ትርፍ ይሆናል?

"በአላህ ተመክተናል" የሚል አይጠፋም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለኡሑድ ዘመቻ ሲወጡ ሁለት ጥሩር ደርበው ነበር፤ ራሳቸው ላይም የብረት ቁር አድርገዋል። ከእሳቸው በላይ በአላህ የተመካ፣ ከእሳቸው በላይ ደፋር ማን አለ? ፊትን ከመምታት መከልከላቸውም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ስለዚህ ልምምዳችን ፊትን ዒላማ እንዳያደርግ አሠልጣኞቻችንን በአደብ እንጠይቅ።

ሄልሜትም ቢሆን ሁሉን አይመልስም። ቆዳ እንዳይቀደድ ያግዛል እንጂ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ አያደርግም። ተመትቶ የዞረበት፣ ያቅለሸለሸው ወይም የት እንዳለ የጠፋው ልጅ በዚያ ቀን ዳግም አይግጠም። ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ካስመለሰው ወይም አልነቃ ካለ ቶሎ ሆስፒታል ይወሰድ። የመጀመሪያው ሳይሽር የሚደገም ምት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

"ዕቃው ውድ ነው" የሚለው እውነት ነው። ግን ሄልሜትና የደረት መከላከያ አዋጥተን ገዝተን፣ እያጸዳን በተራ መጠቀም እንችላለን። የጥርስ መከላከያ ግን የግል ነው፤ በሙቅ ውኃ ለስልሶ በየራስ ጥርስ ልክ ይነከሳል፤ አይዋዋሱትም። ገንዘቡ እስኪሞላ ቴክኒክ እንሥራ፣ ፓድ እንምታ፤ ስፓሪንጉ ይቆይ።

ከፊታችን የቆመው ጠላት ሳይሆን ወንድማችን ነው። እናቱ ጤነኛ ልጅ ልካለች፤ አካሉ እኛ ዘንድ አማና ነው። ጎበዝ ማለት ጓደኛውን የዘረረ ሳይሆን፣ እግሩን መልቀቅ እየቻለ የሚቆጣጠር ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ መከላከያ ከሌለ ስፓሪንግ የለም እንበል።

አላህ አካላችንንም ወንድማማችነታችንንም ይጠብቅልን፤ አሚን።