የሲሚንቶ መቃብር የአባት ወግ አይደለም

አጎቴ ሊሞቱ ሲሉ የተናዘዙት አንድ ነገር ነበር፤ «ከእናቴ ጎን አድርጉኝ»። ደብሯ ከጮቄ ግርጌ፣ ከደብረ ማርቆስ ራቅ ብላ ነው ያለችው። የሰፈሩ ጎረምሶች ዶማና አካፋ ይዘው ሲደርሱ ከአያቴ ጎን አንድ ክንድ መሬት አልነበረም። በቀኝም በግራም ወገብ የሚደርስ የሲሚንቶ ሣጥን ቆሟል፤ አንደኛው በብረት ታጥሮ የአያቴን የራስጌ ድንጋይ ከሥሩ አስቀርቶታል። አጎቴን ከደብሩ ደን ጥግ ወስደን፣ ሁለት ወይራ አስቆርጠን ቀበርናቸው።

ከቀብር መልስ ቅሬታዬን ሳነሳ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ የአባት ወግ እኮ ነው። ሙት አይከበርም ወይ?» አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ ያሉትም እሳቸው ብቻ የሚሉት አይደለም። እኔ ግን የምሟገተው ከዚሁ አባባል ጋር ነው።

የየትኛው አባት ወግ? የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ የተተከለው በጣሊያን ጊዜ ነው። ሲሚንቶ በአህያ ተጭኖ የገጠር ደብር እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ዘመን አልፏል። የአያቶቻችን ቀብር ሌላ ነበር። አስከሬኑ ይገነዛል፣ በሰሌን ይጠቀለላል፣ በቃሬዛ ይወጣል፤ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይወርዳል። ከላይ አፈር፣ ከአፈሩ ላይ የራስጌና የግርጌ ድንጋይ፤ በቃ። ጉድጓዱ ሲቆፈር የቀደመ ዘመድ አፅም ቢገኝ በክብር ወደ ጥግ ሰብስቦ አዲሱን ከአጠገቡ ማሳረፍ ነውር አልነበረም። ያው አንድ ቦታ ልጅን ከአባቱ፣ ባልን ከሚስቱ ያገናኛል። ድንጋዩ ቀስ በቀስ ይሰምጣል፣ ሣር ይለብሰዋል፣ ጥድ ይበቅልበታል።

የገበሬ አቀባበር ከጥንትም እንዲህ መጠጋጋት ያውቃል። በዛሬዋ ቱርክ፣ ቻታልሆዩክ በተባለ ቦታ፣ ከ9 ሺህ ዓመት በፊት ስንዴ እየዘሩ በግና ፍየል ያረቡ የነበሩ ሰዎች ሙቶቻቸውን የሚቀብሩት ከቤታቸው ወለል ሥር ነበር፤ የእኛን መደብ በሚመስል የጭቃ መደብ ሥር። ከአንድ ቤት ብቻ ከ60 በላይ ሰዎች አፅም ወጥቷል። ሕያው ከላይ ይተኛል፣ ወላጁ ከሥሩ አርፏል። ሙቱ ከሕያው ላይ እርሻም ደንም አልቀማም።

ያለ ሲሚንቶ የሟቹ መታሰቢያ ይጠፋል የሚሉም አሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. በጋሞ ደጋ፣ ሞጣ በተባለ ዋሻ (የእኛዋ የጎጃሟ ሞጣ አይደለችም) ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ተገኘ። በጎኑ ተጋድሞ፣ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ነበር፤ ከላዩ ድንጋይ ተከምሮበታል። ከዚያ የድንጋይ ክምር ሥር ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ዘረመሉ ተነብቦ ዓለም ሁሉ ስለ እሱ አወራ። በእጅ የተከመረ ድንጋይ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

የአክሱምን ሐውልት የሚጠቅስልኝም አይጠፋም። ወድቆ የተሰበረው ትልቁ ሐውልት ከ500 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ያን ግን ያስጠረበው ቤተ መንግሥት ነው። አራሹ እንዲህ ያለ ዕዳ አልተሸከመም። ዛሬ ግን ሦስት ጥማድ መሬት ያለው ቤት የነገሥታትን ወግ ካልፈጸምህ እየተባለ ነው። አንዲት የማውቃት ባልቴት የባሏን መቃብር ለማስጌጥ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠች። በተከታዩ ክረምት ልጇ በመቀናጆ አረሰ፤ የጎረቤቱን ተራ እየጠበቀ የዘር ጊዜው አለፈበት። ይህን የሙት ክብር ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ሟቹ ያን በሬ ከጥጃነቱ ጀምሮ ያሳደገ ሰው ነበር።

ሁሉም ነገር ይቅር፣ ደኑስ? ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው ያውቀዋል፤ እርሻና ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ወይራ፣ ጥድ፣ ኮሶ፣ ዝግባ የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ቀሳውስቱ ባይጠብቁት ይህም አይቀርልንም ነበር። አባይ ማዶ፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ 44 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው ውጤቱን በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙ ተመራማሪዎች ደኑን ከሚያውኩት ነገሮች መካከል መቃብርን ከምንጣሮ፣ ከሕንፃና ከእግር መንገድ ጋር ቆጥረውታል። አፈር የለበሰ መቃብር ላይ የወይራ ፍሬ ወድቆ ይበቅላል፤ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ይደርቃል። አንዱ መቃብር ለዘለዓለም ከተያዘ ለሚቀጥለው ሰው ሌላ ቦታ መመንጠር ግድ ነው። አጎቴን ስንቀብር የወደቁት ሁለት ወይራዎች የወደቁት በዚህ ሒሳብ ነው።

ደግሞም ቤተ ክርስቲያን ሙትን የምታስታውሰው በጽሑፍ ሰሌዳ አይደለም። በፍትሐቱም በተዝካሩም ካህኑ የሚጠሩት የክርስትና ስሙን ነው። ሲሚንቶው ላይ የሚቀረጸው ግን የዓለም ስሙና ማዕረጉ፣ አንዳንዴም ፎቶግራፉ ነው። ያ ለመንገደኛ የተጻፈ ነው።

ይህን የሲሚንቶ ግንባታ ማስቆም የሚችለው እድር ነው። ጥሩምባ የሚያስነፋው፣ ቃሬዛ የሚያወጣው፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው እሱ ነው። የራስጌ ድንጋይ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አይገነባም ብሎ በደንቡ ቢያሰፍር ድኃው ከእፍረት ይድናል፤ ሀብታሙም ብቻውን አይታማም። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ቢያጸናው ደግሞ ማንም አይጥሰውም።

የአጎቴ ሙት ዓመት በመጪው ኅዳር ነው። ልጆቻቸው ሲሚንቶ ለማስጫን ገንዘብ ማዋጣት ጀምረዋል። እንዲተዉት ለምኛቸዋለሁ፤ በዚያ ገንዘብ ሁለት የወይራ ችግኝ ገዝተን ከራስጌያቸው እንትከል፣ የተረፈው ለእናታችሁ ይሁን አልኳቸው። መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው።